ግማሹ ውሃ

ሰኞ

ደብተሩን ዛሬ ጀመርኩት። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የምስክር ወረቀት ከተቀበልኩ ወር አልሞላኝም። አስተማሪያችን ሲያሰናብተን "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ ያለዚያ የተማራችሁት ይዝጋል" ብሎናል። ዝገት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ጎሚስታ ነኝ፤ ከቸርኬ ላይ ዝገት ስፍቅ ነው የምውለው። በራሴ ላይ ግን አልፈቅድም።

ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ የወጣችው ጽዳት ሠራተኛ "አንደኛማ እኔ ነበርኩ፤ አንተ በአፍህ ነው የቀደምከኝ" ትላለች። ቅናት ነው። ለማንኛውም ተጽፎ ይቀመጥ።

ለመጀመሪያው ገጽ ያሰብኩት ጨዋታ ነበር፤ ያነበበው ሰው በሳቅ ከወንበሩ የሚወድቅበት። ሻምበል አበላሸብኝ። ሻምበል ልጄ ነው፤ አምስት ወሩ። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። ሻምበል ያልኩት ከተወለደ ጀምሮ ያየውን ሰው ሁሉ ግንባሩን ቋጥሮ "ለምን አልተሰለፍክም?" የሚል ስለሚመስል ነው። ሲጠባ ያልበዋል። ሁለት ሦስቴ ሳብ ያደርግና ጡቱን ትቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እኔ "ሰነፍ ነው፤ ወደ እናቱ ወገን ሄዶ ነው" እያልኩ ስቀልድ ከረምኩ። ዛሬ የልብ ሐኪሟ ደረቱን በአልትራሳውንድ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። 

"የልቡ ጡንቻ ታሟል፤ ደክሟል። ልቡም ከልኩ በላይ ሰፍቷል" አለች በመጨረሻ።

"ልበ ሰፊ ነዋ! በአባቱ ወጥቶ ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ሥራ ላይ

ሌሊት ትንሽ ጠባ። ባለቤቴ አልተኛችም። እኔ ተኝቼ ነበር፤ አልተኛሁም ብያታለሁ። ደንበኛ መጣ።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ መድኃኒቱን ተቀበልን። ሁለት ጠርሙስ ነው። አንደኛው የሚያሸና ነው፤ ሳንባው ላይ ውሃ እንዳይጠራቀም። ሁለተኛው ቤታ ብሎከር የሚባል ነው። ፋርማሲስቷ የትልቅ ሰው ክኒን ፈጭታ በቀይ ሽሮፕ በጥብጣ የሠራችው ነው፤ ለሕፃን ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚመጣ እኛ ጋ የለም አለች።

ሐኪሟ እህቴን የምታክል ወጣት ናት፤ ግን ስታስረዳ አትቸኩልም። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ትንሽም ጨማመርኩበት።

"እንግዲያው ኮምፕሬሰር አለዎት። አንዴም ሳያርፍ ሲሠራ ቢውልስ?"

"ይግላል። ከዚያ ይቃጠላል።"

"የልጅዎም ልብ እንደዚያው ነው። ስለደከመ ይሮጣል፤ ስለሚሮጥ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ይህ መድኃኒት ሩጫውን ይቀንስለታል፤ ጡንቻውም ቀስ በቀስ ያገግማል። ግን በጣም በትንሹ ነው የምንጀምረው። በየሁለት ሳምንቱ አይተን እንጨምራለን። መጀመሪያ ሰሞን ሊደክመው፣ እንቅልፍ ሊያበዛ ይችላል። መጥባት ካቆመ፣ ከገረጣ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ያኔውኑ ይዛችሁት ኑ። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ እንዳትቀንሱትም። እኔ የምጨምረው እናንተ የሰጣችሁትን አምኜ ነው።"

"ፍሬን ነው በሉኛ!" አልኳት።

ሳቀች። እኔ ያሳቅኳት ሐኪም እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒቱ ስም ፍሬን ሆኗል፤ ረዳቷ ነርስም ፍሬን ማለት ጀምራለች።

ነርሷ "ማን ነው የሚሰጠው?" ስትል ባለቤቴ እጇን ዘረጋች። እኔ ቀደምኩ። "ቁጥር የሚያነበው እዚህ ነው ያለው" ብዬ ደረቴን መታሁ። ባለቤቴ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። እጇን ሰበሰበች። ሲሪንጁን ተቀብዬ፣ መርፌ የሌለው ትንሽዬ ነው፣ ነርሷ ፊት ውሃ ቀድቼ ልክ ሁለተኛው መስመር ላይ አቆምኩት። ሁለት መስመር ጠዋት፣ ሁለት መስመር ማታ። "ጎበዝ አባት!" አለችኝ። የማያምን ሄዶ ይጠይቃት።

ዓርብ

ፍሬን ተጀመረ። ሻምበል ሲተኛ ዋለ። ሲነቃም ግንባሩን አልቋጠረም። ሰውን ዝም ብሎ ማየት ጀመረ፤ እንደ ሲቪል።

"ሐኪሟ ብላናለች እኮ፤ መጀመሪያ ሰሞን ነው" ትላለች ባለቤቴ። እግሩን በእጇ ይዛ ግን ታሞቃለች። በረደው ወይ ስላት አልበረደውም ትላለች። ያዝ አድርጌ አየሁት። ትንሽ በርዶታል።

ቅዳሜ

ጎተራው መጣ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ስሙን ያወጣለት ወገቡ ነው። መኪናውን በክሪክ ባነሳሁ ቁጥር "አንተም ውረድ እንጂ፣ ክሪኩ ይታዘበናል" እለዋለሁ። ዛሬ ሳልለው ቀረሁ።

"ምነው ጎሚስታ፣ አፍህ ተነፈሰብህ እንዴ?"

የልጁን ነገር ነገርኩት። የመድኃኒቱን ስም ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

"እንዴ! የእኔ የደም ግፊት ክኒን አይደለ እንዴ ይሄ? አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ የዋጥኩ ሰሞን ግድግዳ ነው ያስያዘኝ! ከመኪና ልወርድ እግሬን ስዘረጋ መሬቱ ይሸሸኛል። እጅ እግሬ በረዶ። እና ለሕፃን ይሰጣል ነው የምትለኝ?"

"በትንሹ ነው" አልኩት።

"ትንሹስ ቢሆን! እኔን የጣለ ነገር፣ ያንን ጫጩት..." ብሎ ፊቴን አየና ተወው። "ተወኝ ባክህ። ሐኪም ያውቃል፤ እኔ ጎማ አቃጣይ ምን አውቃለሁ።"

ተወኝ ካለኝ በኋላ ነው ያልተወኝ። ቡሎኑን ሳጠብቅ፣ ስፈታ፣ እንደገና ሳጠብቅ ዋልኩ። የሚያህለውን አህሎ ይህ ሰው ግድግዳ ይዟል። ሻምበል ግድግዳ እንኳ መያዝ አይችል።

እሑድ

አሰብኩበት። አንደኛ የወጣ ጭንቅላት ለዚህ ካልሆነ ለምን ነው?

ጎማ ንፋስ ሲበዛበት ምን እንደሚደረግ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ይምጣ። ቫልቩን ነቅለህ አታወጣውም፤ በጥፍርህ ጫን እያደረግክ ቀስ ነው። መድኃኒቱን አላቆምኩም። አታቁሙ ተባልን፤ አላቆምኩም። ሁለት መስመር የነበረውን አንድ መስመር ሽሮፕ አደረግኩት። የቀረውን አንድ መስመር ውሃ። ሲሪንጁ ሞልቶ ይታያል፤ እናቱ አትጨነቅም፤ ልጁም አይጎዳም። ለሁሉም የሚሆን ዘዴ ነው። ሐኪሟም ብትሰማ... ብትሰማ የሚል አልጻፍኩም።

የሚያሸናውን ሙሉውን ነው የምሰጠው። እሱ ውስጥ እጄን አላስገባሁም።

ማክሰኞ

ዛሬ ሻምበል ነቅቶ ዋለ! ግንባሩ ተመልሷል። ጎረቤታችንን እንዲህ አድርጎ አያት፤ ሴትዮዋ ልብሷን አስተካከለች።

ባለቤቴ "መድኃኒቱን ለመደው መሰለኝ፤ እግዜር ይስጣት ሐኪሟን" አለች። እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ጉራዬን ስውጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አይልም፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ሐሙስ፣ ሥራ ላይ

ጠዋት ባለቤቴ ሲሪንጁን አይታ "ዛሬ ቀለሙ አልፈዘዘም?" አለችኝ። ሳልበጠብጠው ቀርቼ ነው አልኳት። ከነገ ጀምሮ መስኮቱ ጋ ዞሬ ነው የምቀዳው።

ቅዳሜ

አማቴ ሊጠይቁን መጡ። እኔን ሲያዩ እንደ ሻምበል ነው ግንባራቸው፤ ልጁ ግንባሩን ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማኋቸው።

"ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እንዲያው ከምላሱ ሌላ ምን አለው?"

"እማዬ ተይ በቃ። ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን ቆሞ የሚሰጠው እሱ ነው። አንድም ቀን አላሳለፈም።"

"እሱ ራሱ?"

"እሱ ነው አልኩሽ እኮ። እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የእሱ አይንቀጠቀጥም።"

ባለቤቴ ስታሞግሰኝ ሰማሁ ማለት ነው። ጥሩ ቀን መሆን ነበረበት።

ፋርማሲስቷ ስንጨርስ ባዶ ጠርሙሱን መልሱ ብላለች። ስለዚህ የተረፈውን ሽሮፕ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ገንዳው ውስጥ አፈሰዋለሁ። ቀይ ነው፤ ውሃ ካልበዛበት አይሄድም።

ሰኞ ማታ

ነገ ቀጠሮ ነው። ሻምበል ከበፊቱ ይሻላል። እርግጥ ሲጠባ አሁንም ያልበዋል። እርግጥ ትንፋሹ አሁንም ፈጣን ነው። ግን ይሻላል። የተሻለው በእኔ ዘዴ ነው ወይስ በሚያሸናው? ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ራሴን የምጠይቀው። ልንገራት አልኩ፤ ለሐኪሟ። በጨዋታ አዋዝቼ። "ዶክተር፣ አንድ ጉድ ልንገርዎት" ብዬ ልጀምር። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ እዚህ ላይ ያለው ጥቁር ነገር እሱ ነው።

ማክሰኞ

አልነገርኳትም።

ልነግራት ነበር። ስንገባ ነርሷ አንዲት ልጇን ያቀፈች እናት አጠገብ ቆማ "ይኸው፣ እንደ እሳቸው ነው መሆን! ማንበብ በማታ ተምረው ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለፉም" አለቻት። ሴትዮዋ እንደ ትልቅ ሰው ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ሐኪሟ ሻምበልን መዘነች፤ ደረቱን አዳመጠች፤ ሆዱን ጫን ጫን አደረገች።

"መድኃኒቱን በደንብ ነው የሰጣችሁት?"

"በሚገባ!" አልኩ። ፈጥኜ ነው ያልኩት።

"ጥሩ። ምቱ አሁንም ይሮጣል፤ ግን መድኃኒቱን ችሎታል፤ ዋናው እሱ ነው። ስለዚህ ወደ አራት መስመር እናሳድገዋለን።"

አዲስ ጠርሙስ ተሰጠን። ባለቤቴ ደስ ብሏት ታክሲ ውስጥ እጄን ያዘች። እኔ ስሌት ላይ ነበርኩ። አራት ቢባል እኔ ሁለት እሰጠዋለሁ፤ ሁለት ማለት መጀመሪያ የታዘዘው ነው፤ ስለዚህ ወደ ልኩ ገባሁ ማለት ነው። እንዲያውም ምንም አልተበላሸም።

ቤት እንደገባን ጎተራው ደወለ። መንገድ ላይ ሁለት ጎማ ፈንድቶበታል፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ካለ እኔ የሚያምነው የለም። ማታ መድኃኒት ሰዓት ሳይደርስ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት፣ የጎተራው መኪና ውስጥ

አልተመለስኩም። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አደረገው፤ ክሪኩ መሬት ውስጥ እየሰመጠ ስታገል መሸ።

ማታ ባለቤቴ ደወለች። እጄ ጭቃ ስለሆነ ጎተራው ስልኬን በድምፅ ማጉያ ከፍቶ ያዘልኝ።

"ሰዓቱ ደረሰ። እኔው ልስጠው?"

"ስጪው እንግዲህ።"

"ስንት ነው? አራት መስመር ነው አይደል ያለችው? ሙሉውን ልስጠው?"

ጎተራው ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቶ ይጠብቃል። ሁለት አድርጊው ብል ለምን ትለኛለች። ለምን ብትለኝ ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ይሰማል።

"ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው" አልኩ።

"ጎበዝ ሚስት ናት" አለ ጎተራው ስልኩን ሲዘጋው።

አንድ ጊዜ ነው። አንድ ማታ ምንም አይሆንም። አሁን ደግሞ ጠዋት ሆኗል፤ ጠዋትም ትሰጠዋለች። ሁለት ጊዜ ነው። ልደውልላት ብል የእኔ ስልክ ባትሪው አልቋል፤ የጎተራው ደግሞ እዚህ ጋ ኔትወርክ አይዝም። ጎማው ገብቷል። እየሄድን ነው። ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። እኔ ብነዳው ኖሮ።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል

ትናንት ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤታችን ናት የነገረችኝ። ጠዋት ከሰጠችው በኋላ መጥባት እንቢ አለ፤ ገረጣ፤ እጅ እግሩ ቀዘቀዘ። ሲያነሱት ጭንቅላቱ ተንጠለጠለ። እኛ ጋ ያደሩት አማቴ በነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ወጥተው መኪና አስቁመው ነው ይዘውት የበረሩት።

ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ነው። በጉሉኮስ መስመር መድኃኒት ይሰጡታል። ከአልጋው በላይ ልቡን የሚቆጥር ማሽን አለ። ቁጥሩን ማንበብ እችላለሁ። ባልችል ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ እንዳየችኝ "ምን አድርጌ ነው?" አለችኝ። ምን አድርገህ ነው አይደለም ያለችው። ምን አድርጌ ነው።

"አራት መስመር ነው የቀዳሁት። ምናልባት አምስት ይሆን? እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆን? መብራት ላይ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ለእማዬም አሳይቻታለሁ። እንዲህ ነው የያዝኩት።" ጣቶቿን ገጥማ ባዶ እጇን ታሳየኛለች።

አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። "አንተ ብትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" አሉኝ። "አንተ ታውቅበት ነበር።"

ከተጋባን ጀምሮ ከእኚህ ሴትዮ አንዲት ጥሩ ቃል ለመስማት ያልሞከርኩት ዘዴ የለም።

 ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ

ዛሬ ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ጠዋት ሐኪሟ አልጋውን ዞራ ስትጨርስ ሁለታችንን ፊት ለፊት አቆመችን።

"ከትናንት ይሻላል። ምቱ እየተመለሰ ነው። ግን አንድ ነገር መወሰን አለብኝ። የመጀመሪያውን መጠን በደንብ ችሎት ነበር። ያንን የቻለ ልጅ በሚቀጥለው ላይ እንዲህ ከወደቀ ልቡ ይህን መድኃኒት አይችልም ማለት ነው። እናቆመዋለን።"

"በምን ይተካል?" አለች ባለቤቴ።

"የሚያሸናው ይቀጥላል። ሌላም የሚያግዝ አለ። ግን ጡንቻውን እንዲያገግምለት ተስፋ ያደረግኩት በዚህ ነበር።"

ባለቤቴ "እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያበዛሁበት" አለች። ሐኪሟ ትከሻዋን ያዘቻት። "ጠርሙሱን አይቼዋለሁ፤ የጎደለው ልክ ነው። አላበዛሽም። እሱ ነው ያልቻለው" አለቻትና ወጣች።

እሱ ነው ያልቻለው። ሻምበል ነው ጥፋተኛው ማለት ነው። እኔ ከአልጋው እግር ሥር ቆሜያለሁ፤ ጎበዙ አባት። ማንም አላየኝም፤ ማንም አልጠረጠረኝም። ዝም ብል በቃ ያልፋል። መድኃኒቱ ይቆማል። ልጁ ያለ መድኃኒት ይቀራል። እሷም ዕድሜ ልኳን ጣቶቿን ገጥማ ታያለች።

ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። ደረጃው ጋ ደረስኩባት።

"ዶክተር፣ ቻለ ያሉት ልክ አይደለም።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

አዋዝቼ ልናገር ያልኩት ጨዋታ ሁሉ ጠፋኝ። "ሁለቱን መስመር ወስዶ አያውቅም። ግማሹ ውሃ ነበር። እኔ ነኝ የቀላቀልኩት።"

 ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጀመርን በሦስተኛው ቀን።"

"ስለዚህ አንድ ነበር የለመደው። ከአንድ አራት ውስጥ ገባ።"

"አዎ።"

"ፈርተው ነው?"

"ፈርቼ ነው።" ይህን ቃል ስለ ራሴ ተናግሬው አላውቅም።

"በሦስተኛው ቀን ፈርተው ቢመጡ ኖሮ አብረን እናየው ነበር" አለች። "ይህን ባይነግሩኝ ዛሬ ላቆመው ነበር። እንግዲህ እንደገና ከታች እንሞክራለን፤ እዚሁ፣ ዓይናችን ሥር። እናቱ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እኔ አልነግርልዎትም" ብላ ደረጃውን ወረደች።

ተመለስኩ። አማቴም አሉ። ይውጡ አላልኳቸውም፤ ይስሙ አልኩ።

"አንቺ አላጠፋሽም" አልኳት።

"አትሸንግለኝ ባክህ።"

"አልሸነግልሽም። እኔ ስሰጠው ግማሹ ውሃ ነበር። መስኮቱ ጋ ዞሬ የምቀዳው ለዚያ ነው። አንቺ የሰጠሽው ልክ ነበር፤ ሰውነቱ ያልለመደው በእኔ ነው።"

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀስ እያለ ሲገባት አየሁት። ፊቷ ላይ ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

"በስልክ ጠየቅኩህ" አለች።

"አዎ።"

"ሙሉውን ልስጠው ወይ ብዬ ጠየቅኩህ እኮ።"

"አዎ።"

"ጠየቅኩህ።"

 አማቴ ወንበራቸውን አንስተው ከልጃቸው አጠገብ አደረጉት። 

እሑድ

አታናግረኝም። ውሃ ስሰጣት ትቀበለኛለች፤ ትጠጣለች፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች እንጂ በእጄ አትሰጠኝም።

ማክሰኞ

ማሽኑን ነቀሉለት። ጠባ። ትንሽ ነው፤ ግን ጠባ። ሐኪሟ ፍሬንን ከመጀመሪያውም ባነሰ መጠን አስጀመረችው። ሲሪንጁን ነርሷ ናት የያዘችው። ያቺው "ጎበዝ አባት" ያለችኝ። አላየችኝም። እኔም አላየኋትም።

ቅዳሜ፣ ሥራ ላይ

ቤት ገብተናል። ጎተራው ሥራ ቦታዬ መጣ። ሰምቶ ነው። ቆቡን እያሻሸ "እኔ ነኝ በወሬዬ ያስፈራራሁህ" አለ።

"አንተ አወራህ። የቀዳሁት እኔ ነኝ" አልኩት።

"እንዲያው ስልኩን ስይዝልህ ባውቅ ኖሮ፣ ዘወር እልልህ ነበር እኮ!"

ይህንን ሳስብ ነው የዋልኩት። ዘወር በል ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ነው። የእኔ አፍ ስንት ቃል ያወራል በቀን።

ረቡዕ

መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ ናት። እጇ ይንቀጠቀጣል። ክርኗን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ፣ ትንፋሿን ይዛ ትቀዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የምትቀዳው። ዛሬ ዞር አለችና ሲሪንጁን መብራቱ ላይ አንስታ ወደ እኔ ያዘችው።  ቀረብ ብዬ አየሁት።

"ልክ ነው" አልኩ።

ሰጠችው። ሻምበል ግንባሩን ቋጠረ፤ መራራ ነው መሰለኝ። ቀምሼው አላውቅም። ሳልቀምሰው ነው የፈረድኩበት።

ሰኞ

የማታ ትምህርት ጓደኞቼ ሊጠይቁን መጡ፤ ጽዳት ሠራተኛዋም አለችበት። "እስቲ አንድ ጨዋታህን አምጣ፣ ቤቱ ቀዘቀዘ እኮ!" አለችኝ። አንድ ጀመርኩና መሐል ላይ ተውኩት። "ረሳኸው?" አለችኝ። ረሳሁት አልኩ። አልረሳሁትም። ባለቤቴ ጓዳ ሆና ትሰማለች፤ ሌላ ቀን ሰው ሲስቅልኝ እሷም ከጓዳ ትስቅ ነበር። ዝምታዋን ልሰማ ስላልፈለግኩ ነው።

ዓርብ ማታ

ዛሬ ቀጠሮ ነበር። ሻምበል ኪሎ ጨምሯል፤ ጉንጩ ላይ ይታያል። አልትራሳውንዱ ላይ ልቡ አሁንም ሰፊ ነው። "የባሰ ነገር የለም። የተሻለ ለማለት ጊዜው ገና ነው። ወራት ይፈልጋል፤ ላይሆንም ይችላል" አለች ሐኪሟ። ሳትደብቅ ነው የምትናገረው። ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ እኔ ዞራ፣ "መድኃኒቱ እንዴት እየተሰጠ ነው?" አለች።

 ነርሷም አለች። ብዙ ልል እችል ነበር።

"እሷን ይጠይቋት" አልኩ።

ባለቤቴ ልጁን ወደ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው። "እኔ እቀዳለሁ። እሱ ያያል" አለች። "ሳያይልኝ አልሰጥም።"

ስለ እኔ የተናገረችው ከዚያች ዓርብ ወዲህ ዛሬ ገና ነው፤ እኔን ግን አላየችኝም፤ ሐኪሟን እያየች ነው የተናገረችው።

ሐኪሟ መጠኑን ጨመረችው።

ቤት ገባን። ሰዓቱ ሲደርስ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። ቀዳች። መብራቱ ላይ አንስታ ያዘችልኝ። መስመሩን አየሁት፤ ከትናንቱ ከፍ ይላል። ያ የፊቱ ሐሳብ ተነሳብኝ። ትንሽ ቀንሺለት፣ ለዛሬ ብቻ፣ የሚለው።

"ፈርቻለሁ" አልኳት።

"እኔም" አለች።

ሙሉውን ሰጠነው። ከዚያ በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠን ትንፋሹን ማየት ጀመርን። አሁንም እያየን ነው።